ቦራና ሦስቱ ቅሎች

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከጭልጋ በላይ ባለው ደጋ ግንባሩ ነጭ የሆነ አንድ ወይፈን ነበር፤ ስሙ ቦራ ይባላል። እናቱ አርጅታለች፣ እህቱ ገና ጊደር ናት፣ የቤቱ መሬት ደግሞ በሬ ተጠምዶ ለመዞር እንኳ አይበቃም። ሰኔ ሲገባ የሰፈሩ ወይፈኖች እንደሚያደርጉት እሱም ወደ ቆላ ወረደ። አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ደረሰ። ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ገባ፤ ከዚያም በዶካ በኩል ወደ ገዳሪፍ ሜዳ ዘለቀ። በዚያ አገር ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ቦራም ሳሉግ ሆነ።

ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። በ1937 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ላሰለፉት ጦር እህል ስለፈለጉ ግራሩ ተመንጥሮ በትራክተር ይታረስ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ እንጂ ዛፍ ብዙም አይታይበትም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ሰኮና ላይ ይጣበቅና በየእርምጃው ይጨምራል፤ ማሳውን አቋርጦ የወጣ እግር የራሱ እግር አይመስለውም። ይህንን አፈር አስታውሱልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መሬቱ የዝሆን ነበር። አረሙ የሳሉጎቹ።

በገበያው ዳር አንድ ዋርካ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ዝሆን ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ደመወዝ ይከፍላል። ከዝሆን አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አያ ጅቦ ከረጢቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ አበዳሪ ነው። ከአያ ጅቦ አሥር እርምጃ ወዲያ ቁራ ሦስት ቅል ደፍቶ ያጫውታል። ከግንዱ ጀርባ ደግሞ እትዬ ጃርት ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጣለች። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ልብ በሉልኝ፤ ቦራ ላይ የደረሰው ነገር ግማሹ እዚያ አቀማመጥ ውስጥ አለ። ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ጎጆው የሚሄድ ሳሉግ በቁራ ፊት ሳያልፍ መሄጃ የለውም፤ ከቁራ ተበልቶ የሚመለስ ደግሞ አያ ጅቦን ሳያገኝ አይመለስም።

ጨዋታው ቀላል ነው። ቁራ አንዲት የግራር ሙጫ እንክብል ከአንዱ ቅል ሥር ይከትና ቅሎቹን ያዟዙራል። እንክብሏ ያለችበትን ያወቀ እጥፍ ይወስዳል።

ቦራ በመጀመሪያው ሐሙስ ቆሞ አየና አለፈ። በሁለተኛው አንድ ብር አስይዞ ሁለት በላ። በሦስተኛው ሁለት አስይዞ አራት በላ። ያን ቀን ማታ ለእናቱ መልእክት ላከ፤ «በዚህ አያያዜ ለመስቀል ጎረቤት የሚያወራለት ነገር ይዤ እመጣለሁ» አለ። ክፋት አልነበረበትም። እናቱ ታማለች፣ የእህቱ ማጫ አልተሟላም፣ አረም በማረም የሚገኘው ብር ደግሞ ዝናቡ ሳያልቅ ያልቃል። ፈጥኖ መድረስ ስለፈለገ ነው የተቀመጠው። በቅሎቹ ዙሪያ የተኮለኮሉትን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተኩስ ሸሽተው የተከዜን ውኃ ወደ ሱዳን የተሻገሩ ሁለት ዋላዎች ነበሩ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ ወደ ገዳሪፍ የመጣች ሚዳቋም ነበረች። ያ ድንበር አንድ ጊዜ ከዚህ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ ወደዚህ ሲያሸሽ የኖረ ድንበር ነው፤ አፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው። ቤቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ፍጡር በአንድ ሌሊት መልሶ የሚያገኝ ይመስለዋል። ቁራ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ከአራተኛው ሐሙስ ጀምሮ ቦራ ይበላ ጀመር፤ ገንዘቡ ማለቴ ነው። ግን ቁራ ብልህ ነበርና ሁልጊዜ አይበላውም። አምስቴ ወስዶ አንዴ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሁለቴ ወስዶ አንዴ፤ ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሞ ይወስድበታል። ሲወስድበትም ቦራ የጠቆመውን ቅል ከፍቶ ባዶነቱን ካሳየው በኋላ ጎኑ ያለውን ይከፍትና «ለጥቂት!» ይላል። ቦራ ይህቺን «ለጥቂት» ይዟት ጎጆው ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ቅሎቹ በዓይኑ ይዞራሉ።

በሐምሌ ገንዘቡ አለቀ። አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ እስከ ሐሙስ ትንሽ ያበድሩኝ።»

«አበድርሃለሁ እንጂ! የመስከረም ደመወዝህን ዛሬ እገዛሃለሁ። አሥር የምታገኝበትን አምስት ልስጥህና ሲደርስ አሥሩን እኔ እቀበላለሁ። ስም ጠርተህ ምለህ ትወስዳለህ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።»

ገዳሪፍ ውስጥ ይህ የተረት ፈጠራ አይደለም። ሼል ይሉታል። ገበሬው ክረምት ላይ ሲቸግረው ገና ያላፈራውን ማሽላ ወይም ሰሊጥ ነጋዴው ባወጣው ዋጋ ይሸጥለታል፤ አዝመራ ሲደርስ እህሉ ለነጋዴው ይሰፈራል። አያ ጅቦን መርገም ቀላል ነው፤ እኔም እረግመዋለሁ። ነገር ግን ባንክ መያዣ የሌለውን ደኃ ደጁ ላይ ሲመልሰው፣ ልጅ ታሞ በእኩለ ሌሊት ቢንኳኳ የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው። እሱ የሚኖረው ሌላው በር ስለተዘጋ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በዝርዝር ማውራት አልፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ቦራ ከአያ ጅቦ የወሰደውን ለቁራ አስረከበ። ለቁራ ያስረከበውን ለመመለስ ከዋላዎቹ ተበደረ። የሳሉጎቹ የእቁብ ተራ ሲደርሰው ዕጣውን ወስዶ መክፈሉን ተወ። የእትዬ ጃርት ቡናም በዱቤ ሆነ። ለእናቱ «ደኅና ነኝ፤ አዝመራው ጥሩ ነው» እያለ ይልካል። ዕዳው ሲበዛ «አንድ ጊዜ ብቻ ብበላ ሁሉንም እዘጋለሁ» ይላል፤ ይህንን ባለ ቁጥር ዕዳው ይጨምራል።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ደረቀ። የሌሎቹ ወይፈኖች ሰኮና ከጭቃው ነጻ ሲወጣ የቦራ ግን አልወጣም። መረሬው እግሩ ላይ ነበር። ማንም አያየውም፣ እሱ ግን ይሰማዋል። ጠዋት ለመነሣት ሲሞክር ከጉልበቱ በታች አገር የተሸከመ ይመስለዋል። ሳር አይጥመውም። እንቅልፍ ወይ አይመጣለትም፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ሲጠሩት ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ቆባው ከደረቀ ይከፈታል፤ በጊዜው ታጭዶ፣ ታስሮ ካልቆመ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። የቦራ ድርሻ የነበረው መደብ ፈሰሰ።

«ሰነፍ» አሉት። «ቁማርተኛ ምን ይሠራል?» አሉት። «ጋኔን ነው» ያለም ነበር።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቋርጠው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የቁማር ሱስን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተርታ አስቀምጦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሕመሞች መዝገቡ ያሰፈረው ሱስ ነው። ድብርትም ሕመም ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ ዕዳ በመካከላቸው ገብቶ ያስተሳስራቸዋል። «ሰነፍ» የሚለው ስድብ ታማሚውን አንድ ጋት አያነሣውም። የሚያስተምረው መደበቅን ብቻ ነው፤ የሚደበቅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቀራል።

ቦራ ግን እንዲህ ሆኖም ሐሙስ ሲደርስ ወደ ዋርካው ይሄድ ነበር። ማጨድ ያቃተው እግር እስከ ቅሎቹ ድረስ ይሄዳል። ሰው ይህን ሲያይ «አየህ፣ ሲፈልግ ይችላል» ይላል። እውነቱን ቦራ ራሱ በኋላ ተናግሮታል። «ለመብላት ብዬ መሄድ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቅሎቹ ሲዞሩ ብቻ ጭቃው ይለቀኛል። ሲቆሙ ይመለሳል፤ ሲመለስም እጥፍ ሆኖ ነው» አለ።

በጥቅምት መጀመሪያ አያ ጅቦ ወደ ጎጆው መጣ። «ቀኑ አልፏል። እስከ ቅዳሜ ካልከፈልክ ጭልጋ እወጣለሁ። እናትህን አናግራታለሁ፤ ጊደሯንም አያታለሁ» አለው።

ያን ሌሊት ቦራ ከጎጆው ወጣ። ለማንም አልነገረም። ዕቃውን ለዋላዎቹ አስተካክሎ አስቀምጦ ነበር፤ ያለውን ጥቂት አሞሌም ለሚዳቋ ሰጥቷታል። ይህን የመሰለ መስተካከልና መስጠት ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ።

እትዬ ጃርት የሌሊት ፍጡር ናትና አየችው። እሾኳን እያንኳኳች ተከተለችው፤ ደረሰችበትም።

«ቦራ፣ ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«እንዲያው ልንሸራሸር ነው፣ እትዬ።»

እሷ አልተሸነገለችም። ፊት ለፊቱ ቆመችና ዓይኑን አየችው። «መሞት አስበሃል?» አለችው።

ብዙዎች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ መጠየቁ ሐሳቡን የሚተክል ይመስላቸዋል። አይተክልም። በዚህ ሥራ የኖሩ ሐኪሞች የሚመክሩት በግልጽ እንዲጠየቅ ነው፤ ብቻውን ለተሸከመው ሰው ጥያቄው ሸክሙን የሚያወርድበት መደብ ይሆንለታል። ቦራም ረጅም ጊዜ ዝም አለና «አዎ» አለ። ያን አንድ ቃል ካወጣ በኋላ አለቀሰ።

እትዬ ጃርት አልገሠጸችውም። «እናትህስ?» ብላም አላስጨነቀችውም፤ እናቱን ሳያስብ የዋለበት ሰዓት እንደሌለ ታውቃለች። «ዛሬ ሌሊት ከእኔ ጋር ነህ» ብላ ወደ ጀበናዋ መለሰችው፤ ሁለቱን ዋላዎችም ቀሰቀሰች። በመካከላቸው አስተኙት። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ተራ ገብተው ጠበቁት።

ሲነጋ እትዬ ጃርት ረከቦቷን አጸዳችና አንድ እፍኝ ሰሊጥ አፈሰሰችበት። «የማን ስንት አለብህ? ለእያንዳንዱ ብር አንድ ፍሬ አኑር።» ቦራ ሠላሳ ፍሬ አኖረ። እሷ ቡና ቀዳችለትና ጠበቀች። ሁለተኛውን ቀዳች፤ ጠበቀች። በበረካው ላይ ቦራ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ሃያ አንድ ጨመረ። ለአያ ጅቦ ሠላሳ ስምንት፣ ለእቁቡ ሰባት፣ ለዋላዎቹ አራት፣ ለቡናው ሁለት፤ ሃምሳ አንድ ሆነ። ስትቆጠር የታየች ዕዳ ሌሊት ሌሊት ሲያስባት የነበረችውን ያህል አልሆነችም። ከባድ ናት፣ ግን ዳር አላት።

ደጉ ትልቁ ዋላ ወዲያው «እናዋጣና ዛሬውኑ እንክፈልለት» አለ።

«አይሆንም» አለች እትዬ ጃርት። «ወንድም ነበረኝ። ዕዳውን ሦስት ጊዜ ከፈልኩለት፤ ሦስቱንም ጊዜ ብሩን እጁ ላይ አኖርኩለት። ፍቅር መስሎኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ብሩ ከእጁ ወደ ቅሎቹ ሄደ፤ በአራተኛው እኔን ማየት አፍሮ ጠፋ። ይህንን ልጅ እንደዚያ አላጠፋውም። ከእሱ ጋር ሆነን ይክፈለው።»

ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው ከትልቁ ዋላ ጋር አያ ጅቦ ዘንድ ሄዱ። ነገሩ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። አያ ጅቦ ወለዱን አልለቅም አለ፤ ቃል ቃል ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ቦራ የወሰደው ሃያ እንደሆነ፣ አሥራ ስምንቱ ወለድ መሆኑን በፍሬ ቆጥረው አሳዩት። ያም አላሸነፈውም። ያሸነፈው ትልቁ ዋላ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነው፤ «ወለዱን ካልማሩ ከዚህ ሰፈር አንድም ሳሉግ ከእርስዎ አይበደርም፤ ተማምለናል» አለው። አያ ጅቦ ሃያውን በሦስት አዝመራ ሊቀበል፣ ጭልጋ ላይወጣ፣ ለቦራም ዳግመኛ ላያበድር በሰው ፊት ተስማማ። ሌሎቹ ባለ ዕዳዎችም በየተራቸው ጠበቁት። እትዬ ጃርት ሁለቱን የቡና ፍሬ የመጨረሻ አደረገቻቸው።

ከዚያ የከበደው መጣ። የቦራን ደመወዝ ትልቁ ዋላ እንዲቀበልለት ተባለ። ለምግቡና ለአሞሌው ይሰጠዋል፤ ለእናቱ የሚላከውን ይልክለታል፤ የዕዳውን ይከፍልለታል። ቀንድ ያወጣ ወይፈን እንደ ጥጃ ሊያዝ! ቦራ ሦስት ቀን እንቢ አለ። በአራተኛው ራሱ ዝሆን ፊት ቀርቦ «ደመወዜን ለእኔ አይስጡኝ፤ ለዋላው ይስጡልኝ» አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግንነት የምለው ይህንን ነው። በመተማ ሜዳ ስለተዋደቁት ብዙ እንናገራለን፤ በሰው ፊት «ገንዘብ እጄ ላይ አይርጋ» ስላለው ወጣት ግን አንዘፍንም።

ሰሊጡ ሲያልቅ ደጋ ወጣና ጫካ ለምትኖረው ለጉሬዛ ሐኪም ታየ። ጉሬዛ መድኃኒት ሰጠችው፤ «በሳምንት አይሠራም፣ እስኪሠራ አታቋርጥ» አለችው። በየሳምንቱም አስቀምጣ ታነጋግረው ነበር። እናቱ ጸበል ወሰደችው፤ ጉሬዛም «ጸበሉን ተጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ» አለችው እንጂ አላጣላቻቸውም። (ከመተማ የሚነሣ ታማሚ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ያገኛል፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ቤተሰብ ስላለ ነው ተረት መሐል የማስገባው።) ጭቃው ባንድ ጊዜ አልወረደም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ እግሩ ቀለለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳሩ ጣመው።

ለማሽላው አጨዳ በኅዳር ተመልሶ ወረደ። አንድ ሐሙስ በዋርካው ሲያልፍ ቁራ «ቦራ! የዚያን ቀን ለጥቂት ነበር እኮ!» አለው። ቦራ ገንዘብ አልነበረውም። እናቱ በአንገቱ ያሰረችለትን ቃጭል ፈትቶ አስያዘ። ተበላ።

ያን ዕለት ማታ እትዬ ጃርት ዘንድ ሄዶ «ቃጭሌን ተበላሁ» አላት። እሷም አልጮኸችም፤ ከሰሊጡ አንዲት ፍሬ አንሥታ ረከቦቱ ላይ ጨመረች፤ ቡናውን ቀዳችለት። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ይህን ነገር ሦስት ወር ይደብቀው ነበር። አሁን የደበቀው ከቀትር እስከ ምሽት ብቻ ነው።

እትዬ ጃርት ግን ዋርካውን አልረሳችም። ሳሉጎቹን ሰብስባ ዝሆን ዘንድ ቀረበች። «ጌታው፣ ወይ ቁራን ከደመወዙ ቦታ ያንሡልን፣ ወይ ደመወዙን ከቁራ ፊት ያንሡልን» አለችው።

ዝሆን አመነታ። ቁራ የጥላ ኪራይ ይከፍለዋል፤ ከሚበላው ሢሶውን። «በዚያ ገንዘብ ነው የውኃ ጉድጓዱን የማስቆፍረው። ቁራን ባባርር ውኃ ከየት ትጠጣላችሁ?»

«ጉድጓዱን የምንቆፍረው እኛ፤ ቁራ የሚከፍልዎትም የእኛን ገንዘብ፤» አለች። «በቀጥታ ቢጠይቁን ሢሶውን እንሰጥዎታለን፤ ሁለቱ እጅ ይተርፈናል።»

ይህን ክርክር የሰፈር እንስሳት ወግ አድርጋችሁ አትዩብኝ። ሱዳን ቁማርን በሕግ ትከለክላለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ለስፖርት ውርርድ ቤቶች ፈቃድ ሰጥታለች። ቁራ ግን በሁለቱም ዳር ይሠራል፤ በወዲያኛው በቁጥቋጦ ውስጥ፣ በወዲህኛው በታፔላ። ከአንድ ወጣት ኪሳራ የሚገኝ ግብር ያንን ወጣት መልሶ ለማቆም የሚወጣውን ወጪ ይሸፍናል ብዬ አላምንም፤ እናቱ የምትከፍለውን ደግሞ የሚቆጥር የለም።

ዝሆን ቁራን አላነሣም። ደመወዙን ግን ከዋርካው አንሥቶ በማለዳ በአውድማው ላይ ይከፍል ጀመር፤ ግማሹም ሳሉጉ ከፈቀደ በቀጥታ ወደ አገሩ እንዲላክ ተስማማ። ከሳሉጎቹ እኩሌታዎቹ ፈቀዱ። ሌሎቹ አሁንም ዋርካው ሥር ይታያሉ።

በሚቀጥለው ሰኔ ቦራ አምስት አዳዲስ ወይፈኖች አስከትሎ ወረደ። ከአያ ጅቦ ሃያ ውስጥ አሥራ ሦስት ቀርቶት ነበር፤ የእቁቡ ተከፍሎ አልቋል። በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ቅሎቹ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለዚያች ሌሊትም። ከአምስቱ አንዱ ግን በሦስተኛው ሐሙስ በዋርካው በኩል አለፈ። ማታ ምግብ እንቢ ብሎ ተኛ። ቦራ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስንት ተበላህ?»

«ሁለት።»

ቦራ ሰሊጡን አውጥቶ በመካከላቸው አፈሰሰ። ሁለት ፍሬ ለይቶ ወደ ጎን አደረገ። «እሺ» አለው፤ «አሁን ከሁለቱ ቀጥሎ ያሉትን ንገረኝ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።»